ለቡናው አበባ ሹክ ያልኩት ቃል

ዛሬ ማለዳ፣ ከትናንቱ ዝናብ በኋላ፣ የቡና አበባ ሽታ በመስኮት ገባ።

ልጅ ሆኜ፣ ጅሬን በምትባለው መንደራችን፣ የጓሯችን ቡና እንዲሁ ነጭ ለብሶ ያደረ ቀን፣ «አባ፣ ዘንድሮ ቡናችን ሊበዛ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ጣቱን ከንፈሬ ላይ አደረገ። «ገና አበባ ነው። ኢንሻአላህ በይ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አላህ ከፈቀደ ማለት ነው። ዐረብኛ ነው፤ ከቁርአን የመጣ።»

«አበባው ዐረብኛ ይሰማል እንዴ?»

ሳቀ። «አንቺ ብቻ በይ፤ የሚሰማው ይሰማል።»

አልገባኝም። ግን ቅርንጫፉን ሁሉ ወደ አፌ እየሳብኩ «ኢንሻአላህ» አልኩት።

አሁን መስኮቱ ጋ እንደቆምኩ ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ አቀፈኝ። «ይሄ አበባ ለለቀማ ሲደርስ አባት ልሆን ነው!»

ጣቴን ከንፈሩ ላይ አደረግኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ያንኑ ቃል ለሆዴ ሹክ አልኩት።