የአንኮበር ዝናብና ሦስቱ ዘጠኞች

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ሳለሁ። ሰሞኑን ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ሁለት መስመር ኮድ ጽፋ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ የዝናብ መዝገብ ስታወርድ አየሁና ትዝ አለኝ። ዓይኔን ሳላሽ ወረደላት። ካድሬ የለ፣ ጩኸት የለ። ቀናሁባት።

እኔም እኮ አውርጃለሁ! ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ሳልደርስ ነው፤ የሬዲዮውን የኮድ መጽሐፍ ራሴ እያገላበጥኩ ለመድኩት። ጠዋት ጠዋት የአንኮበርን የጥሪ ቁጥር እጠራለሁ። የአንኮበሩ ዝናብ ለኪ ጋሽ ደምሴ መለኪያውን አይተው ቁጥር በቁጥር ያወርዱልኛል፤ እኔ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ያልተለካ ቀን ኮዱ ሦስት ዘጠኝ ነው።

ታዲያ ጋሽ ደምሴ የቄስ ልጅ ናቸው። በሚካኤል፣ በማርያምና በባለወልድ ቀን ሥራ አይነኩም፤ መለኪያውን ማየትም ለእሳቸው ሥራ ነው። ስለዚህ በየወሩ በ12፣ በ21 እና በ29 ሦስት ዘጠኝ ይልካሉ፤ በማግስቱ የሁለት ቀን ዝናብ አንድ ላይ ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ነቅቼባቸዋለሁ። ምን አገባኝ ብዬ ዝም።

ነሐሴ ላይ አዲስ ካድሬ መጣብን፤ ጓድ ታደለ የሚባል የሰላ ድንጋይ ከተማ ልጅ። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ አንዱም ሲጽፍ አላየሁም። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጠኝ ቆየና ገባ።

«ከማን ጋር ነው ቁጥር የምትለዋወጪው?»

«ከዝናብ ጋር፣ ጓድ።»

አልሳቀም። ደብተሬን ወስዶ ማገላበጥ ያዘ።

«ጓዲት አስካለ፣ ይቺ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ምንድን ናት?»

«አልተለካም ማለት ናት።»

«በየወሩ ሦስት ቀን ብቻ? ያውም ቀኑ ሳይዛነፍ? ይሄ የፀረ አብዮተኞች ቀጠሮ ነው!»

እውነቱን ብናገር፣ ጋሽ ደምሴ የመንግሥት ሥራ ለታቦት ብለው ተዉ ተብሎ ከነስድስት ልጆቻቸው ማለቃቸው ነው። ዝም ብል ሰላይዋ እኔ ነኝ። አልዋሽም፤ ሁሉንም ልዘከዝከው አፌን ከፍቼ ነበር።

እሱ ግን ለሪፖርት ሊጽፈው ቁጭ አለና ጣቱን እያጠፈ ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር። «ሰኔ 12፣ ሰኔ 21፣ ሰኔ 29። ሐምሌ 12፣ ሐምሌ 21...» ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ማኅበር ቤት እንዳደገ ልጅ ከንፈሩ በራሱ ጊዜ «ሚካኤል... ማርያም...» አለ።

ዞሮ በሩን አየ። እኔን አየ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«እኔም ምንም አልሰማሁም።»

«መሣሪያው ተበላሽቶ ነው። ጻፊ።»

«በየወሩ ሦስት ቀን፣ ቀኑን ጠብቆ ይበላሻል ብዬ?»

«ጻፊ አልኩሽ፣ አንቺ ሴት! ከእንግዲህ ግን በየቀኑ ይለካ!»

እናቱ ሰላ ድንጋይ ውስጥ የታወቁ የሚካኤል ማኅበርተኛ መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ።

በማግስቱ ለጋሽ ደምሴ ትእዛዙን ነገርኳቸው። «ሚካኤል ያዘነበውን በሚካኤል ቀን ልሰፍርበት? አላደርገውም!» ብለው በሬዲዮ ጮኹብኝ። ብዙ ከለመንኳቸው በኋላ፣ ከአልዩ አምባ መጥቶ ጎረቤታቸው የሆነው ነጋዴ ሰይድ በእነዚያ ቀናት ሊለካላቸው ተስማማ። ከዚያ ወዲህ የሚካኤል ለት አንኮበርን ስጠራ «ቢስሚላህ፣ አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት!» የሚል ድምፅ ይመጣልኝ ጀመር።

ዛሬ ሳስበው እስቃለሁ። ያ የተከፈተ አፌ ግን እስካሁን ያሳፍረኛል፤ ሰውየው ቆጠራውን ትንሽ ቢያዘገይ ኖሮ የስድስት ልጆች አባት ባንደበቴ ይጠፉ ነበር። ጓድ ታደለን አሁንም አልወደውም። እናቱን ግን፣ መልካቸውን እንኳ ሳላውቅ፣ ሚካኤል በመጣ ቁጥር ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ።