ኬላ ላይ ያለቀው ጋዝ

ሽማግሌው አፈሩን ያመጡልኝ በወተት ዱቄት ጣሳ ነበር። ሰበታ ውስጥ በምሠራበት ላቦራቶሪ በር ላይ ቆመው «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ። የፋብሪካ ፍሳሽ በሚያልፍበት ማሳቸው የጋጡ ሁለት ላሞቻቸው ሞተዋል። ማሳው ለከተማ ማስፋፊያ ሊወሰድ ስለሆነም ሐሙስ የካሳ ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ።

«ጎረቤቶቼ በሽታ ነው ብለው ከብቶቻቸውን እዚያው ያጠጣሉ። የገደላቸውን በወረቀት ስጠኝ።»

መርዝን ከአፈር የምንለየው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። በብርቱ ግፊትና በተመጠነ ሙቀት ሲታመቅ ጋዝም ፈሳሽም መሆኑ ይቀራል፤ እንደ ጋዝ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ይሰርጋል፣ እንደ ፈሳሽ የተጣበቀውን አሟሙቶ ያወጣል። ጋዙ አልቆብን ስለነበር ከላቦራቶሪው ሾፌር ጋር አዲስ አበባ ሄደን አንድ ሲሊንደር ጫንን። ሕዝባዊ ተቃውሞ የበረታበት ሰሞን ነበርና ስንመለስ ኬላ ላይ አስቆሙን።

«የምን ጋዝ ነው? አስለቃሽ?» አለ ወታደሩ።

«እሱማ እናንተ ጋ ነው ያለው» አለ ሾፌሩ።

ወታደሩ አልሳቀም። ቫልቩን ከፈተው። ሲሊንደሩ እያፏጨ ነጭ በረዶ ተፋ፤ እስኪያልቅ ድረስ ሌሎች ሁለት ወታደሮች ክንዴን ይዘው አቆሙኝ። «በሉ፣ ቀሎላችኋል፤ እለፉ!» አለ ወታደሩ። ያ ፉጨት ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የባሰው ግን ቢሮ ውስጥ ጠበቀኝ። ሥራ አስኪያጃችን «መርዝ አልተገኘም ብለህ ጻፍ። ፋብሪካው ደንበኛችን ነው፤ ጊዜውም ክፉ ነው» አለኝ። ሳይመረምሩ «አልተገኘም» ማለት ሰውን እያዩ መርዝ ማጠጣት ነው። ጋዙ ኬላ ላይ ስለተለቀቀ አፈሩ አልተመረመረም ብዬ ጻፍሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ማኅተም ከለከለኝ። ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ባዶ እጃቸውን የቀረቡትን ሽማግሌ «ላሞቹ በበሽታ ሞተዋል» ብሎ አሰናበታቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋዝ ሲመጣ ማንንም ሳላስፈቅድ አፈሩን መረመርሁ። ፀረ ተባይ መድኃኒት ነበረበት፤ ያውም በብዛት። ውጤቱን ይዤ ስደርስ ማሳው ታጥሯል፤ ሽማግሌው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ ዘግይቷል» አልኋቸው።

«ለእኔ ዘግይቷል፤ ከዚያ ውሃ ለሚያጠጡት አልዘገየም። ጮክ ብለህ አንብበው!»

በአማርኛም በኦሮምኛም አነበብሁት። የአጥሩ ዘበኛ «ዝም በል!» ሲለኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ከፍሳሹ ዳር ከብት ታጠጣ የነበረች አንዲት ጎረቤት በትሯን አንሥታ መንጋዋን ወደ ኋላ መለሰች።