ሻሼን በጋቢያቸው ያሞቋት አያ ዘለቀ

ዛሬ ጠዋት የአያ ዘለቀ ልጅ ደውላ «አባየ ዐረፈ» ስትለኝ «የማን አባት?» አልኳት። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ብየ ነው የጠየቅኋት።

እግራቸው ካበጠ ወር አልፎት ነበር። ልጅቱም ሥራዋን ትታ ከአይከል መጥታ ስታስታምማቸው ሰነበተች። ግን እሑድ እለት በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አግኝቻቸው «እንደምን አደሩ አያ?» ብላቸው፣ «የታመመው እግሬ ነው፣ አፌ ደህና ነው!» ብለው አስቀውኝ ነበር። እሑድ ያሳቀ ሰው በሦስተኛው ቀን ይሞታል?

ለማታውቋቸው፣ አያ ዘለቀ እዚሁ አራዳ ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ማክሰኝት ከብት ሲያክሙ ነው የኖሩት። የስንቱን በሬ፣ የስንቱን በቅሎ አትርፈዋል። እኔ ግን የማልረሳቸው በጥንቸሌ ነው። አትሳቁ!

ነጯን ሻሼን እዚህ ገጼ ላይ አይታችኋታል። ባሌ ከሞተ በኋላ ቤቱ ጭር ቢልብኝ እህቴ ናት ያመጣችልኝ። ከውጭ ስገባ እግሬን እየዞረች የምትቀበለኝ እሷ ብቻ ናት።

በኛ አገር ጥንቸል አይበላም፤ ርኩስ ነው ይባላል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ የማርያም ማኅበር ተራው የኔ ሆነ። የማኅበራችን ትልቅ ሴት እትየ ጥሩነሽ በዋዜማው ጠርተው «ያንን አውሬ ካላስወጣሽ እቤትሽ ገብቼ ጠበል ጸዲቅ አልቀምስም» አሉኝ።

ሻሼን አውጥቼ የት እጥላታለሁ? ልቤ እምቢ አለ። ሽታዋ ከጠፋ ርኩስነቷም የሚጠፋ መስሎኝ፣ በማኅበሩ ጠዋት ሳፋ ሙሉ ውኃ ቀዳሁና በልብስ ሳሙና አጠብኳት። ለማርያም ክብር ብየ!

ወዲያው ዝርግት አለች። ጆሮዋ በረዶ ሆነ። ትንቀጠቀጥና ደግሞ ዝም ትላለች። በነጠላየ ጠቅልየ ወደ አያ ዘለቀ ሮጥኩ።

«ምነው አንች! ልብስ ናት እንዴ የዘፈዘፍሻት?»

«ንጹሕ ትሁን ብየ እኮ ነው አያ!»

«ጥንቸል አትታጠብም፤ ቤቷ ይጸዳላታል!»

ይችን ቃላቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።

ውኃውን በፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ አስመጠጡትና፣ ጋቢያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አስጠጓት። «ጠጉሯ ከሥሩ እስኪደርቅ አላወርዳትም። ብርዱም ድንጋጤውም ይገላታል።»

«አያ፣ ማኅበርተኞቹ ሊመጡ ነው!»

«ይምጡ። እኔም እመጣለሁ።»

አያ ዘለቀ መጡላችሁ! ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ካህኑ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ። እትየ ጥሩነሽ ሄደው ሄደው ከአያ ዘለቀ አጠገብ ቁጭ! አፍንጫቸውን ወዲህና ወዲያ አዞሩና «ተመስገን! አውሬውን አስወጣሽልን። ቤትሽ እንዴት ሸጋ ሆኗል!» አሉ።

እኔ ላቤ ይንቆረቆራል። ይኸኔ ከጋቢው እጥፋት ሁለት ነጫጭ ጆሮዎች ብቅ!

እትየ ጥሩነሽ ጮኸው ሲነሡ ዳቦው ከእጃቸው ወደቀ። ካህኑ ሳይቀሩ ሳቁ።

«አንች ጥሩነሽ» አሉ አያ ዘለቀ፣ «ይኸው ጎን ለጎን ተቀምጠን አልሸተተሽም። አፍንጫሽ ያልከሰሳትን አንች ምን ከሳሽ አደረገሽ?»

ካህኑም «የተከለከለው መብላቱ ነው፤ ማኖሩን ማን ከለከለ?» አሉ።

እትየ ጥሩነሽ ግን በቀላሉ አይረቱም። «ጠጉሯ እርጥብ ነው፣ ዛሬማ ታጥባ ነው። በሚመጣው ወር መጥቼ አሸታለሁ። ከሸተተች ትወጣለች!»

አያ ዘለቀ «እሽ!» አሉ፤ እኔን ሳይጠይቁ።

ከዚያማ በየጠዋቱ እየመጡ አስተማሩኝ። ጥንቸል እንደ ድመት ራሷን ትልሳለች፤ የሚሸተው እሷ ሳትሆን ሽንቷ ነው ለካ። አንድ ጥግ መርጣ ስለምትሸና እዚያ ጭድ ያለበት ዝርግ ሳፋ አስቀመጥን፤ ጭዱን በየቀኑ መቀየር ነው። ሽታ እንዲያጠፋልኝ የጽድ ፍቅፋቂ ላነጥፍላት ብል «ለአንች ሽቶ፣ ለሳንባዋ እሳት ነው» ብለው ከለከሉኝ። ዳቦ እሰጣት ነበር፣ አስተዉኝ። ድርቆሽ ከፊቷ አይጥፋ አሉ፣ ጥርሷም ሆዷም በሱ ነው የሚጠበቀው። ጭራዋ ሥር ቆሽሾ ዝንብ እንዳያርፍባት በየቀኑ ማየት፤ ከቆሸሸ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ እዚያችው ላይ ብቻ ጠረግ፣ ከዚያ ማድረቅ። መብላት ካቆመች ወይ በጠጥ መጣል ከተወች ደግሞ ነገ አይባልም፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። አንዳንዱን ስረሳ የሚቆጡኝ ቁጣ! በሬ የገደልኩ ይመስል።

ወሩ ደረሰ። እትየ ጥሩነሽ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው የሻሼ ቤት ፊት ተንበረከኩ። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ቀና አሉና «ከኔ ሳሎን ይሻላል!» አሉ።

እልልታችን ቤቱን አናጋው! አያ ዘለቀ ከደጅ ሆነው «ምን ሆናችሁ፣ ሙሽራ ገባ እንዴ?» ይላሉ፤ እያወቁ እኮ ነው።

አሁን ከለቅሶ ቤት መመለሴ ነው። የማክሰኝት ገበሬዎች በማኪና ተጭነው መጡ። አንዱ ሽማግሌ «በቅሎየን ከሞት የመለሰልኝ!» እያሉ ያለቅሳሉ። እትየ ጥሩነሽ ተነሥተው «እኔን ከነግትርነቴ የረታኝ እሱ ብቻ ነው!» ቢሉ ለቅሶ ላይ ሳቅ ሆነ። ከኔ አይተው ጥንቸል ማሳደግ የጀመሩ ሁለት ጎረቤቶቼም መጥተው «እንግዲህ የቸገረንን ማንን እንጠይቅ?» አሉኝ።

«እኔን!» አልኳቸው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ! ምንም አላፈርኩ።

አያ ዘለቀ፣ አንቱ ያተረፏት ዛሬ ጠዋት ድርቆሿን ጥርግ አድርጋ በልታለች። ከለቅሶው በፊት ሳፋዋን አጽድቻለሁ፣ ጭራዋንም አይቻለሁ፣ ደረቅ ነው። ሌሎቹም ጥንቸሎች በኔ ይሁኑ። አንቱ በሰላም ይሂዱ፣ አያየ።