ሳልወርድ ያለፍሁት ቀብር

ብስክሌት ጤና ነው የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም። እኔ ብስክሌት የጋለብሁት ሰው ላለማየት ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ሦስት ሰው ሰላም ማለት፣ ከሦስቱም ጋር ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጎረቤት አንድ በአንድ መጠያየቅ ግድ ነው። ከኮሶዬ ዝቅ ብሎ የነበረው አሮጌ ፒስታ ግን ከዚህ ሁሉ ይገላግለኝ ነበር። ጣልያን የጠረገው፣ ኋላ ዋናው መንገድ በሌላ በኩል ሲቀየስ መኪና ሁሉ የረሳው የጠጠር መንገድ ነው። በአንድ በኩሉ ገደል፣ በሌላው ጥድና ወይራ የተጠላለፈበት ጫካ አለ። ከጎማችን ሥር ከሚንኮሻኮሸው ጠጠር በቀር ድምፅ አይሰማም። አልፎ አልፎ አህያ የሚነዳ ገበሬ፣ አለዚያም ሣር እየነጨ የሚታዘበን የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ እናገኛለን። ጭላዳ ሰላምታ አይጠብቅም።

ከሰው ስሸሽ ግን ብቻዬን አልነበርሁም። ከጎንደሩ የእስላም ሰፈር፣ ከአዲስ ዓለም፣ ተወልዶ ያደገ፣ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ነጋዴ የሆነ ጓደኛ ነበረኝ። ጨርቅ ይሸጣል። ዋጋ ሲከራከሩት እንኳ የማይምል ብቸኛው የጨርቅ ነጋዴ እሱ ይመስለኛል፤ «አምላክን ለአንድ ሜትር ፖፕሊን አልጠራም» ይላል። አባቱ በዚያው መንገድ በበቅሎ እየተመላለሱ ማር ይገዙ ነበር። እሑድ እሱ ሱቁን ይዘጋል፣ እኔም ቤተ ክርስቲያን መሳም ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ እሑድ የእኛ ሆነ። ማለዳ ብስክሌቶቻችንን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ኮሶዬ እንወርዳለን። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው።

የማንስማማው መውረድ ላይ ነበር። በዚያ አገር በቅሎ የተቀመጠ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ይወርዳል፤ ሽማግሌ ሲያገኝም ይወርዳል። ሬሳ ካገኘማ ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፊቱን አዙሮ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል። ጓደኛዬ እስላም ሆኖ ሳለ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከብስክሌቱ ይወርድ ነበር። እኔ ክርስቲያኑ አልወርድም።

«ብስክሌት በቅሎ አይደለም» እለዋለሁ።

«ከላይ ያለኸው አንተ ከሆንህ፣ ከሥር ያለው ምንም ይሁን።»

«ለእኔ ቤተ ክርስቲያን አንተ ምን አገባህ?»

«አንተ ስለማትወርድ የአንተንም ደርቤ ነው የምወርደው። ጉልበቴ አለቀ፤ ብታግዘኝ ምናለ?»

ከመንገዱ አጋማሽ ላይ የምናርፍበት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ለጓደኛዬ አባት ማር ይሸጡ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አያ እንላቸዋለን። ሚስታቸውን እማማ ነው የምንላቸው። ለጓደኛዬ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይሆነው ወተትና ቆሎ ያቀርቡልናል። «እንግዳ አይለያይም» ብለው በፋሲካ ማግስት እንኳ ለእኔ ሥጋ ነፍገውኛል። ይህን ቅሬታ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

«ምነው ልጄ፣ በቅሎ አጥተህ ነው በብረት እምትንገላታው?» አሉኝ አንድ ቀን እማማ።

«በቅሎማ ገብስ ትበላለች፣ እማማ።»

«እሱስ አንተኑ አይደል እሚበላህ? እስቲ ቅልጥምህን እየው፤ ሽመላ መስለሃል!»

ጓደኛዬ ወተቱ ትን እስኪለው ሳቀ። እኔም በልቤ ወደድኋቸው፤ በአፌ ግን አልነገርኋቸውም።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ በአንዱ እሑድ ከሁሉ የምወደውን ቁልቁለት ስወርድ ከመታጠፊያው ላይ ጃንጥላ አየሁ፤ ቀጥሎ ቄሶች፣ ቀጥሎ አልጋ የተሸከሙ ሰዎች። ሬሳ ወደ ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየወጣ ነው። ከኋላዬ የጓደኛዬ ፍሬን ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። እኔም ለመቆም በቂ ጊዜ ነበረኝ። በዚያች ቅጽበት ስለ መርሕ አሰብሁ ብል ውሸት ይሆናል። ነፋሱ ጥሞኝ ነበር፤ መርሑ በኋላ ነው የመጣልኝ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ፣ ሬሳውን የተሸከሙት ሰዎች ወደ ጫካው ተጠግተው አሳለፉኝ። ደወሌን አልደወልሁም፤ ያን ያህል ጨዋነት ነበረኝ።

ታች ድልድዩ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅሁት። ጓደኛዬ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ፤ አልጋ የተሸከመበት ትከሻው አቧራ ለብሷል።

«ምን ሆነህ ቆየህ?» አልሁት በቁጣ።

«እስከ ደጁ አድርሻቸው፣ እስኪቀበሩ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው።»

«ማንን?»

«እማማን።»

እሱ ብስክሌቱን ከድልድዩ ጋር አስደግፎ ፊቱን ታጠበ።

«ለሠልስት አብረን እንመጣለን» አለኝ።

«ሥራ አለኝ።»

እሱ በሠልስቱ ሄደ፤ በአርባውም ሄደ። እኔ በሁለቱም ሥራ ነበረኝ። ያፈረ ሰው ወይ ሄዶ ለቅሶ ይደርሳል፣ ወይ ጽሑፍ ይጽፋል። እኔ ጻፍሁ። አንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ ስለ ልማድና ስለ መንኰራኵር ረጅም መጣጥፍ አወጣሁ። መውረድ የባሪያና የጌታ ዘመን ቅሪት መሆኑን አስረዳሁ፤ ሬሳ ከበሬታን እንደማያውቅ ተነተንሁ። የኮራሁበት ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ «ፍሬኔ ደኅና ነበር፤ መቆም እችል ነበር፤ አልፈለግሁም።» በደፋርነቴ ያመሰገኑኝ አንባቢዎች አልጠፉም።

ወደ ጓደኛዬ ሱቅ ስገባ ጋዜጣው ታጥፎ ከጨርቅ ጥቅሉ አጠገብ ተቀምጧል። እሱ ጨርቅ ይለካል።

«አነበብኸው?»

«አነበብሁት።»

«እና?»

«አማርኛህ ሸጋ ነው» አለና መለካቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ እንግዳ ይመጣበት፣ ሠርግ ይጠራው፣ ሱቁን ያጸዳ ጀመር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ በመጣጥፌ እምነቱን የነካሁበት መስሎኝ፣ ትንሽም ንቄው ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ ግን እሑዱ ባዶ ሲሆንብኝ ተሸነፍሁና፣ «ና፣ አያ ዘንድ ሄደን ለቅሶ እንድረስ» አልሁት።

«እኔ ደርሻለሁ» አለ፤ ቀና ብሎም አላየኝም።

ብቻዬን ለመሄድ እንደገና አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ቀፎ ሲለቀልቁ አገኘኋቸው። እጃቸውን ጠርገው ሳሙኝ። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ አይቼ፣ አውቄ፣ መቆም እየቻልሁ እንዳለፍሁ ልነግራቸው ነበር። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳላሳምር ልናገር ወስኜ ነበር።

«አያ፣ ያን ቀን፣ በቀብሩ ጊዜ…»

«ተወው ልጄ፤ ጓደኛህ ያኔውኑ ነግሮናል። ሰዉ ‹ይኼ ማነው ባለጌ!› ብሎ ሲቆጣ፣ ‹ፍሬኑ ተበጥሶበት ነው እንጂ እሱስ አያደርገውም› ብሎ ማለልን። ያ ልጅ ሲምል አይቼው አላውቅም። እኛማ ደንግጠን፣ ቄሶቹም ‹ከገደል አውጣው› ብለው ለአንተ ደገሙልህ። እሷን አስቁመን።»

በጋዜጣ ያሳተምኋት ያቺ ዐረፍተ ነገር ለማን እንደደረሰች ገና ያን ጊዜ ገባኝ። ጓደኛዬ ሬሳ ፊት የማለውን መሐላ፣ እኔ በሁለት ሺህ ቅጂ አፍርሼበታለሁ። ሽማግሌው ጋዜጣ አያነቡም። አሁን እውነቱን ብናገር የሚቀልለኝ እኔ ነኝ፤ በሐሰት ምሎ የሚገኘው እሱ።

«ኋላስ ፍሬኑን አሠራኸው?» አሉኝ።

«አሠራሁት፣ አያ።»

«ሸጋ።» ገብተው ወተት በቅል ይዘው ወጡ፤ የሚያቀብላቸው ሰው የለም። አጠገቤ ተቀምጠው ፊቴን አተኩረው ተመለከቱ። «በሠልስቱም በአርባውም ምነው ቀረ ብዬ ጓደኛህን ስጠይቀው፣ ታሞ ተኝቷል አለኝ። አሁንስ ተሻለህ?»

«ተሽሎኛል» አልሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ እንዳይመጣ ፈርቼ ወተቱን በቁሜ ጨልጬ ተሰናበትሁ።