ፓርት ስሪ በሕማማት የመጣ ጊዜ

ልጅ እያለሁ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረን፤ አክተር አይሞትም። ፎቅ ቢናድበት፣ መቶ ሰው ቢተኩስበት፣ ባሕር ቢውጠው፣ አክተር ከሆነ ይነሳል። ከሞተ ደግሞ ድሮውንም አክተሩ እሱ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ ትምህርት ቤት የገባ የልደታ ልጅ አላውቅም። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆንን ብላችሁ አትካዱ። እኔ በዚህ ሕግ አምኜ እስከ አስራ አንድ ዓመቴ በሰላም ኖሬያለሁ።

ከዚያ "መርከቡ" መጣ። ትክክለኛ ስሙ ረጅም እንግሊዝኛ ስለነበረ ሰፈሩ በሙሉ "መርከቡ" ነበር የሚለው። ምድር ውሃዋ አልቋል፤ አሥር ሺህ ሰው እንቅልፍ ላይ እንዳለ ተጭኖ ሌላ ምድር ፍለጋ በጨለማው ህዋ ውስጥ ይሄዳል። ነጂዋ ሴት ናት፤ አክተራችን። በፓርት ዋን ተነሱ። በፓርት ቱ አንድ ድንጋይ የመርከቡን ጎን ቀደደው፤ እሷም ወገቧን በገመድ አስራ ወጣችና ደፈነችው። ልትመለስ ስትል ገመዱ ተበጠሰ። ራቀች፣ ራቀች፣ ነጭ ነጥብ አከለች፤ ከዚያ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ጀመረ። ፍላሹ የተበላሸ መስሎኝ ተነስቼ ዲቪዲውን በጥፊ መታሁት። ጀማል እየሳቀ ቀሪው ፓርት ስሪ እንደሆነና ገና እየተሠራ እንደሆነ ነገረኝ።

ጀማል የሀያት ታላቅ ወንድም ነው፤ ሀያት ደግሞ ጓደኛዬ። ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረው ግቢያችን የእነሱና የእኛ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። እነሱ ቤት ሲያስነጥሱ እኛ "ይማርህ" እንላለን። ፍላሽ የሚያነብ ዲቪዲ ያለው እነሱ ጋ ብቻ ነው፤ ጀማል መርካቶ ሞባይል ቤት ይሠራ ስለነበር አዲስ ፊልም ከሁሉ በፊት እሱ እጅ ይገባል። ሀያት በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ዝምተኛ ናት። እኔ እንኳን ዝም ልል፣ ቁጭ ማለትም አልችልም።

አንድ ዓመት ከምናምን ጠበቅን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የልብስ ማስጫውን ገመድ እንፈታና ወገቤ ላይ እናስረዋለን። እኔ አክተሯ ነኝ፣ ሀያት መርከቡ ናት። ገመዱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ወደ ኋላ ተንጋልዬ ከቆርቆሮዎቹ በላይ ሰማዩን እያየሁ እንዳትለቂኝ እላታለሁ፤ እሷ እግሯን ደጃፉ ላይ ተክላ፣ መዳፏ እስኪቀላ ትይዘኛለች። እናቶቻችን ልብሱ መሬት ወድቆ ሲያገኙት ሁለታችንም እንገረፋለን።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ትሞታለች አትሞትም እያልን ከሰፈር ወንዶች ጋር ስንጨቃጨቅ አባቴ ከደጅ ሆኖ ሰማን። ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ "ሞቷል እኮ" አለ። እሱ ወጣት ሳለ ይኸው ታሪክ ሌላ ፊልም ነበር። አብነት ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣቦ፣ ሦስቱንም ክፍል በዴክ አይቶታል። ነጂው ያኔ ሪዛም ወንድ ነው፤ ፓርት ስሪ ላይ ሞተ። የኛውን ፈረንጆቹ አሮጌውን ትተው ከአንድ ጀምረው እንደገና የሠሩት መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። አባቴ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ስለነበር "በዓይኔ አይቻለሁ" ካለ ነገሩ አለቀ። አለቀስኩ። ደንግጦ ሊያባብለኝ ሞከረ።

"የአሮጌውን ነው ያልኩሽ። እንደገና የሠሩት ሊያስተካክሉት ይሆናል፣ ማን ያውቃል?"

ወንዶቹ ግን ለቀቁኝ? ሪዛሙ ወንድ ያልተረፈውን ይቺ ቀጫጫ ትተርፋለች ወይ እያሉ በየመንገዱ ይጠሩኛል። ነገሩ የእኔ የግሌ ሆነ። እሷ ከሞተች እኔ የተሸነፍኩ ያህል ነበር።

ፓርት ስሪ የመጣው የሆሳዕና ዕለት ነው። ጣቴ ላይ የዘንባባ ቀለበት፣ ግንባሬ ላይ ዘንባባ አስሬ ከልደታ ማርያም ስመለስ ጀማል የግቢው በር ላይ ቆሞ ፍላሹን በማንጠልጠያው ያሽከረክራል። "መጣችልሽ" አለኝ። ሮጠን ገባን፤ መብራት የለም። ቀኑን ሙሉ አምፖሉ ላይ አፍጥጠን ዋልን። መብራቱ ሲመጣ ጀምበር ጠልቃ ነበር፤ እናቴም የኛን ቴሌቪዥን ነጭ ጨርቅ አልብሳው ጨርሳለች። ሕማማት ገባ። እስከ ትንሣኤ ፊልም የለም፣ ዘፈን የለም፣ የሰው ቤትም ሄዶ ማየት የለም። ተለማመጥኩ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እናቴ ዞራ እንኳ አላየችኝም።

"ፊልም እንጀራ አይደለም፤ አይሻግትብሽም።"

የቀረኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻውን ከሌላ ሰው አፍ አለመስማት። የእነ ሀያት ቤት ሕማማት የለበትም፤ ያዩታል። ስለዚህ ሀያትን ግድግዳው ሥር አስቁሜ፣ ብታይም ትንፍሽ እንዳትል አስማልኳት። ወላሂ አለችኝ። ሀያት ወላሂ አለች ማለት ደግሞ በሲሚንቶ ተገነባ ማለት ነው።

ያ ሳምንት አላልቅ አለ። ቤቱ የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ ይሸታል፤ ሰው ሲገናኝ አይሳሳምም፤ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመርከቡ ሞተር! እያንዳንዱ ፍንዳታ በጭቃው አልፎ ትራሴ ድረስ ይመጣል። የሀያት ወንድሞች ይጮኻሉ፣ ያፏጫሉ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላሉ። ጸጥታው ባሰብኝ። ሁለት ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ አባታችን ሆይ እያልኩ ደጋገምኩ። ልቤ ግን ከግድግዳው ማዶ ነበር፤ ሀያት አሁን እያየች ነው፣ ሀያት አሁን አወቀች እያልኩ።

ዓርብ ለስቅለት ስንሰግድ ዋልን። ማታ ላይ ካህኑ ጀርባዬን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ አድርገው ፈቱኝ። ግንባሬ አፈር፣ ጉልበቴ ውሃ ሆኖ ወደ ቤት ስመለስ ሀያትን የግቢው በር ላይ አገኘኋት። ከኃጢአቴ ከጸዳሁ ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ትሞታለች?"

"ወላሂ ብዬ የለ?"

"ራስሽን ብቻ ነቅንቂ።"

አልነቀነቀችም። ያን ጊዜ አፌ ያመጣውን ሁሉ አወረድኩባት። ክፉ ነሽ፣ ስስታም ነሽ፣ እናንተ ምን አለባችሁ፣ ሕማማት የለባችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም አልኳት። ሀያት ጫማዋን ጫማዋን አየች። ከዚያ ወደ ቤት ገባች።

በትንሣኤ ዕለት እናቴ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ለእነ ሀያት እናት ለእትዬ ዘይነባ አድርሺ አለችኝ። ተኳርፈናል ብል ማን ሰምቶኝ። በሩን የከፈተችው ሀያት ራሷ ነበረች። ዳቦውን ተቀበለችኝና ፊልሙን ልንከፍተው ነው፣ ግቢ አለችኝ፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። አባቴም አዲሱን ሸሚዙን እንደለበሰ ከኋላዬ መጣ። አስተካክለውት እንደሆነ ላረጋግጥ ነው አለ። ጀማል ለሁለተኛ ጊዜ ማየቱ ቢሆንም፣ የሚያወራ ሰው ይወጣል ብሎ አስጠነቀቀ።

የጀመረው በትንፋሽዋ ነው። ጥቁር ስክሪን፣ የሰው ትንፋሽ ብቻ። አየሯ እያለቀ እሷ በሬዲዮ ታወራለች፤ መርከቡ ላይ ነቅተው ለቀሩት ሁለት ሰዎች እንዴት እንደሚነዱት፣ የቱን እንደሚጫኑ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ ትነግራቸዋለች። ከሁሉም የገረመኝ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፊቷን አላየነውም፤ ድምፅዋን ነው የሰማነው። መርከቡ አረፈ። አሥር ሺህ ሰው ነቃ። አንዲት ሕፃን ባዶ እግሯን ውሃ ውስጥ ከተተች። ሬዲዮው ውስጥ አሁንም ትንፋሽ ይሰማል፤ አንድ፣ ደግሞ አንድ። ከዚያ ስክሪኑ በከዋክብት ሞላ፤ ድምፅ የለም፤ ዝም ብሎ ከዋክብት። አለቀ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው የግራ ክንዴ ሲያመኝ የታወቀኝ። ሀያት በሁለት እጇ አንቃዋለች። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል፤ አፏ ተከፍቷል፤ እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዶ አልጠረገችውም። አንድ ጊዜ ያየ ሰው እንዲህ አይሆንም። ጀማልን አየሁት፣ ተረጋግቶ ነው የተቀመጠው። ወደ እሷ ዞርኩ።

"አላየሽውም እንዴ?"

"ዝም በይና እዪ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከከዋክብቱ ላይ ሳትነቅል።

የሀያት ትንሽ ወንድም ሞተች ወይ ብሎ ጠየቀ። መጨረሻዋን አላሳዩማ። አባቴ "የኛው ሞቶ ነበር። ይቺን ግን እኔ እንጃ" አለ። በሕይወቱ እኔ እንጃ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ወደ ደጅ ስወጣ ፀሐይ ነበር። ከሰማያዊው ጀርባ እሷ እየተነፈሰች ያለች መስሎኝ፣ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና እንዳልኩ ቀረሁ። ሰማይ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ለእናቴ ነገሯት። ረቡዕ ዕለት ሁሉም ቴሌቪዥኑ ጋ ሲሰበሰብ ሀያት ጄሪካን ይዛ ወጥታ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ቧንቧው ጋ ተጎልታ ዋለች። ፍላሹ ሳምንቱን ሙሉ ዲቪዲው ላይ ተሰክቶ ነበር፤ እሷ ግን አልነካችውም። ዓርብ ዕለት ስሰድባት ለምን አላየሁም እንዳላለችኝ የጠየቅኳት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሳቀች። "አላየሁም ብልሽ፣ ሂጂ አሁኑኑ አይተሽ ነይና ንገሪኝ ትይኝ ነበራ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እል ነበር። ይቅርታ ግን እስካሁን አላልኳትም፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፌ በቀላሉ አይወጣም።

ግቢያችን ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። እኔ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ አሮጌ የህዋ ታሪክ እንደገና ተሠርቶ ሦስተኛው ክፍል ወጥቷል። ዛሬ መብራት ቢጠፋ ስልክ አለ፤ ፊልም ከውጭ እኩል ይደርሳል፤ በማግስቱ መጨረሻው በየስልኩ ይበተናል። መጠበቅ ሞኝነት ሆኗል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ወረቀት እየደረደረች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ መጨረሻውን ልትዘረግፈው ስትል እየጮኽኩ ወጣሁ፤ ባለጉዳዮቹ አበደች ብለውኛል።

ሀያት ዓለም ባንክ ሰፈር ነው የምትኖረው። ልጇ ጥርስ እያወጣ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም ብላኛለች። አብረን ለማየት እንጠብቃለን አልኳት። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ተደፍኜ ነው የምውለው፣ ታክሲ ውስጥ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ፤ ሦስት ጊዜ የሲኒማ ትኬት ልቆርጥ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መቻል አቅቶኛል። ሀያት ያን ሳምንት ስትጠብቀኝ አስራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ያውም ተሰድባ።