የሆዳን መዝገበ ቃላት

ባለፈው ሳምንት አዳማ ላይ ስልኬን ባጃጅ ውስጥ ረስቼ ወረድኩ። በሰው ስልክ ደወልኩ፣ ሹፌሩ አነሳ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ግን አንድ ቦታ መቆም አቅቶኝ አስፋልቱን ስመላለስበት፣ አንዲት ባለሱቅ "ምነው ልጄ፣ ምጥ ያዘሽ እንዴ?" አለችኝ። ያቁነጠነጠኝ የቆየ ነገር ነው፤ ጅግጅጋ፣ ስድስተኛ ክፍል፣ የሆዳን መዝገበ ቃላት።

ጅግጅጋ የገባነው አባቴ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ ነው። በ2011 ዓ.ም. ዝውውር ጠይቆ ደብዳቤ እየጠበቀ ስለነበር ቤታችን ውስጥ ተረጋግቶ የተቀመጠ ዕቃ አልነበረም። ሳህኑ በካርቶን፣ ብርድ ልብሱ በማዳበሪያ። አባቴ ለምሳ ሲገባ ሰላም ከማለታችን በፊት "መጣ?" እንለዋለን። የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ አቧራው ወጥ ውስጥ ሲገባ እንኳ እናቴ "ልንሄድ አይደል!" ብላ ታልፈው ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከጓደኛዬ ከሆዳን መለየቱ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። የግመል ወተት ሻይ ያስለመደችኝም፣ ሶማልኛ ያስተማረችኝም እሷ ናት።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ታምሩ የጠፋን ነገር መልሶ ማግኘትን የሚገልጹ ቃላት ሰሌዳው ላይ ደረደረ፤ ሪከቨር፣ ሪትሪቭ፣ ሪክሌይም፣ ሪጌይን። "ሁሉም አንድ አይምሰላችሁ፤ ልዩነታቸውን ፈልጋችሁ ኑ" አለን። እኔ መዝገበ ቃላት አልነበረኝም። የሆዳን ግን ታላቅ ወንድሟ በአዲጋላ በኩል ለሥራ ወደ ጅቡቲ ሲሄድ የሰጣት ነው። ከሄደ ወዲህ ድምፁ ስላልተሰማ መጽሐፉን እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀው ነበር። ያንን ነው "ለአንድ ቀን ብቻ" ብላ ያዋሰችኝ። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ባጃጅ ውስጥ ጥዬው ወረድኩ።

ሦስት ቀን ሙሉ "ቤት ረስቼው መጣሁ" እያልኩ ዋሸኋት። በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ነጂው መጽሐፉን ለአደር ዩሱፍ እንደሰጠው ሰማሁና ከነፍኩ። አደር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። በወጣትነታቸው አፍደም አካባቢ ግመል ሲያረቡ የኖሩ ባለሱቅ ናቸው፤ በሰፈሩ ወድቆ የተገኘ ነገር ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚቀመጠው።

"ምልክቱን ንገሪኝ" አሉኝ፣ መጽሐፉን ሳያወጡ።

"ሽፋኑ ሰማያዊ ነው።"

"እሱንማ ባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ አይቷል። እኛ ጠፍቶ የተገኘ ግመል የምንሰጠው ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀውን ምልክት ሳያይ ለሚናገር ነው። መጽሐፍም ያው ነው።"

"ስሜ ተጽፎበታል" አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና ከደኑት።

"አንቺን አውቅሻለሁ፣ አባትሽንም አውቃለሁ" አሉ። "መጽሐፉ ግን አያውቅሽም። ባለቤቱን ይዘሽ ነይ።"

በሱቁ ፊት አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ወደ ሆዳን ቤት እሄድና ከበራቸው እመለሳለሁ። በመጨረሻ ነገርኳት። አልጮኸችም። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ሱቁ ስንደርስ በሶማልኛ፣ ቀስ ብላ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ወንድሟ የግመሎቻቸውን ምልክት እንደሳለ፣ ከሥሩም ክር እንደተለጠፈ ተናገረች። ሲመለስ ምን ያህል እንዳደገች ለማወቅ፣ በሄደበት ቀን ቁመቷን የለካበት ክር ነው። አደር ዩሱፍ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

"ጠፋ ብትዪኝ" አለችኝ ስንወጣ፣ "አብሬሽ እፈልግ ነበር፣ ወላሂ።"

በማግስቱ ዴስክ ቀየረች። ብስኩት ላክኩላት፣ መለሰችው። ልጆችን አማላጅ አድርጌ ላክኩባት፣ አልሰማቻቸውም። ቲቸር ታምሩ ቃላቱን ሲያብራራ "ሪጌይን ለእምነትም እንጠቀምበታለን፤ የሰውን እምነት መልሶ ማግኘት ጊዜ ይፈልጋል" ሲል እጄን አወጣሁና "ስንት ቀን?" ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሆዳን ብቻ አልሳቀችም።

በአሥራ ዘጠነኛው የትምህርት ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መዝገበ ቃላቱን መሐላችን አደረገችና ደብተሯን ገለጠች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቁነጠነጥ ዋልኩ። በሃያኛው ቀን ከሰዓት አባቴ ደብዳቤውን ይዞ ገባ። ዕቃው አስቀድሞ ታስሮ ስለነበር በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አይሱዙ ላይ ነበርን።

ዛሬ ከሆዳን ጋር በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ያንን ውሸቴን እያነሳች ትስቅብኛለች፤ እኔም እስቃለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መቀመጥ አቅቶኝ ቤቱን እዞረዋለሁ። ዴስክ ከቀየረችበት ቀን ጀምሮ ከጅግጅጋ እስክወጣ ከእሷ ጋር ሃያ የትምህርት ቀን ነበረኝ። አጠገቧ የተቀመጥኩት ሁለቱን ብቻ ነው።