ትራክተሩ በማን ይጀምር?

ደቡብ አፍሪካ፣ ዛንድስፕሩት ሰፈር፣ ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ ሱቄ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ፣ ሀድያ ያለ ትራክተር አስተዳድራለሁ ስል የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ወረፋ የሚጠበቅለት ትራክተር እንዴት አያተርፍም?

የገዛሁት ለኪራይ ነው። በተወለድኩበት ቀበሌ የገበሬው መሬት ትንሽ ነው፤ ለብቻው ትራክተር መግዛት አይታሰብም፣ በሬ መቀለቡም ለብዙው ከብዷል። ታናሽ ወንድሜ እየነዳ ሊያርስላቸው፣ እነሱ ሊከፍሉ፣ ትርፉ ሲጠራቀም እኔ ይህን ፍርግርግ ለሌላ ትቼ አገሬ ልገባ ነበር ሐሳቡ። ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ። ገቢውን ናፍጣና መለዋወጫ ይበላዋል፤ እኔ እዚሁ ዳቦና የስልክ ኤርታይም እሸጣለሁ።

"ሥራ ጠፍቶ ነው?" እለዋለሁ ወንድሜን በስልክ።

"ኧረ ጋሼ፣ ሥራውማ መች ተቻለ! ዝናብ ጠብ ሲል ሁሉም በአንድ ቀን ይፈልገኛል።"

"ታዲያ ናፍጣው የት ይገባል?"

"መንገድ ላይ ነዋ።"

ነገሩ የገባኝ ውሎውን ሲዘረዝርልኝ ነው። ጠዋት ታች ሰፈር የአንድ ሽማግሌ ማሳ ያርሳል። አጠገቡ ያለውን የጎረምሳ ማሳ ይተውና ቀበሌውን አቋርጦ ወደ ሚስቱ አባት ይወጣል። ከዚያ ባሏ የሞተባት ሴት አለች፣ እሷ ትቀድማለች። ለታላቁ ሳያርሱ ለታናሹ ማረስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ጎረምሳው ጋ የሚመለሰው ከቀናት በኋላ ነው። በበሬ ሲሆን ይህ ሁሉ መዞር ብዙ አያስወጣም። ትራክተር ግን ሳያርስ ሲሄድም ይጠጣል።

መፍትሔውን ያገኘሁት ሱቄ በር ላይ ነው። በየጠዋቱ የሚመጣው የዳቦ መኪና የሚያራግፈው በመንገዱ ተራ ነው፤ መጀመሪያ ጥጉ ላይ ላለው ሱቅ፣ ከዚያ ለቀጣዩ፣ እኔ መጨረሻ። አንድ ቀን ሾፌሩን "በዕድሜ እበልጣለሁ፣ ለእኔ አስቀድም" ብለው "ሻርፕ፣ ባባ!" ብሎ፣ እሺ አባባ እንደ ማለት፣ ሳቀና ለጎረቤቴ ማውረዱን ቀጠለ። በጣም ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ሰውዬው ልክ ነው። ለወንድሜ ደወልኩ።

"ከእንግዲህ ከታች ትጀምርና ማሳ ሳትዘል ወደ ላይ ትወጣለህ። ማንም ይሁን ማን።"

"አባታችንስ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

የአባታችን ማሳ ላይኛው ጫፍ ላይ ነው፣ የመጨረሻው።

"አባታችንም" አልኩት።

ናፍጣ ተረፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ የሚባል ነገር አየሁና ለደንበኞቼ "ሳውቦና" ብዬ ሰላምታ ስሰጥ ድምፄ እንኳ ተለወጠ። ከዚያ ዝናቡ በረታ። ትራክተሩ አባታችን ማሳ ሲደርስ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፤ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ወጣ፣ ማሳውም ሳይታረስ ቀረ።

ይቅርታ ልጠይቅ ለአባቴ ደወልኩ።

"ታርሷል እኮ ልጄ" አለኝ። "ዝናቡ ጋብ ሲል የታች ሰፈሩ ሽማግሌ በሬዎቹን ነድቶ መጣ። የወንድምህም አማት መጣ። ያቺ ባሏ የሞተባት እንኳ ለአራሾቹ ምሳ ይዛ ደረሰች። አምና ልጅህ ከሌላው አስቀድሞ አርሶልናል አሉ።"

"ጎረምሳውስ?"

"እሱማ ለምን ይመጣል? በተራው ታረሰለት፣ ከፈለ፣ አለቀ።"

ቀጠለና "ለመሆኑ ትራክተሩ አተረፈልህ?" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ።

"አዎ አባ።"

"ጌታ ይመስገን። እንግዲያው ትመጣለህ ማለት ነው።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግራ ገባኝ። መግባት የምፈልገው እነዚያ ሰዎች መሀል ነው። የመግቢያዬ ትርፍ የሚገኘው ደግሞ እነሱን ተራ በማስጠበቅ ነው። እንደ በፊቱ ከታረሰ እዚሁ ቀረሁ፤ በእኔ መንገድ ከታረሰ፣ ስመለስ በሬውን ነድቶ የሚመጣልኝ ማን ነው?

ዘንድሮ ሰማዩ ሲደማምን ወንድሜ ደወለ። ከጀርባው የትራክተሩ ሞተር ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ ናፍጣ ሞልቻለሁ። በማን ልጀምር?"

"ቆይ፣ ደንበኛ መጥቶብኛል፤ መልሼ እደውላለሁ" አልኩት።

በፍርግርጉ ማዶ ማንም አልነበረም።